የማይጮኸው ቺንጋ

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ምን ምን እንደሚጠይቅ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ቦዲው ተነክቷል ወይ? ቀለሙ የራሱ ነው? ጎማው ስንት ጊዜ ሄዷል? ካምቢዮው ያንገጫግጫል? ቦሎው ተለጥፏል? ስልክ በብሉቱዝ ይቀበላል? ለጓደኛም፣ ለዘመድም፣ ለሥራ ባልደረባም "እስቲ አብረን እንየው" እየተባልኩ ብዙ መኪና ሲገዛና ሲሸጥ አጠገብ ቆሜያለሁ። "ታይሚንግ ቤልቱ መቼ ነው የተቀየረው?" ብሎ የጠየቀ ገዢ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሻጩም ሲጠየቅ "እኔ ከገዛሁት ጀምሮ ምንም ሆኖ አያውቅም" ነው የሚለው። አልዋሸም እኮ። ታይሚንግ ቤልት ምንም ሳይሆን ቆይቶ ነው አንድ ቀን ሁሉንም የሚሆነው።

መጀመሪያ ስለየትኛው ቺንጋ እንደማወራ እንግባባ። ኮፈኑን ስትከፍቱ ከፊት ለፊት የምታዩት፣ ዲናሞውንና ኤሲውን የሚያዞረው፣ ጠዋት ጠዋት እየጮኸ ሰፈር የሚቀሰቅሰው ቺንጋ እሱ አይደለም። ያኛው ሲላላም ሲደርቅም ይናገራል፤ ቢበጠስም የባትሪ መብራት በርቶ "ኧረ ቁም" ይላችኋል። ታይሚንግ ቤልት ግን ከፕላስቲክ ሽፋን ጀርባ የተደበቀ፣ ውስጡ ጥርስ ያለው፣ ወርዱ አንድ ሁለት ጣት የሚሆን ጎማ ነው። አይታይም፣ አይጮህም፣ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ዳሽቦርድ ላይም ምንም መብራት የለውም።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ከታች ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክ ሻፍት አለ። ከላይ ቴስታው ላይ ደግሞ ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ካም ሻፍት አለ። ቤልቱ ሁለቱን ያገናኛል፤ ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ይዞራል። መኪናችሁ 3,000 አርፒኤም ላይ ስትሄድ ክራንኩ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ካሙ 25 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ቫልቩ ከመንገዱ ዞር እንዲል በተሰላ ቅደም ተከተል ነው። ቅደም ተከተሉን የያዘው ደግሞ ያ ጎማ ነው።

በነገራችን ላይ ባለ ጥርስ ቤልት ለመኪና የተፈጠረ ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለስፌት መኪና ነው የተሠራው፤ የእያንዳንዳችን አያት ቤት የነበረችው ሲንገር ትዝ ትበላችሁ። መርፌዋና ከታች ያለው ክር ያዡ እኩል ካልሄዱ ስፌቱ ይበላሻላ! ወደ መኪና የገባው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግላስ በሚባል ትንሽ የጀርመን ፋብሪካ በኩል ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ፊያት ተቀበለው፣ ከዚያ ዓለሙ ሁሉ። ምክንያቱም ከሰንሰለት ይረክሳል፣ ይቀላል፣ ድምፅ የለውም፣ ዘይትም አይፈልግም። ዋጋው ግን አንድ ነው፦ ዕድሜ አለው።

አሁን ወደሚያስፈራው እንምጣ። በብዙ ሞተሮች ውስጥ ቫልቩ ሲከፈት የሚገባበት ቦታና ፒስተኑ ላይ ሲወጣ የሚደርስበት ቦታ አንድ ነው። በተለያየ ጊዜ ስለሚደርሱ አይገናኙም። ቤልቱ ሲበጠስ ካም ሻፍቱ ባለበት ቀጥ ይላል፤ የተከፈቱት ቫልቮች እንደተከፈቱ ይቀራሉ። ክራንኩ ግን መኪናው በያዘው ፍጥነት ተገፍቶ መዞሩን ይቀጥላልና ፒስተኑ ይመጣና ቫልቩን በጭንቅላቱ ይመታዋል። ቫልቩ ይታጠፋል። አንዳንዴ ይሰበርና ፒስተኑን ይበሳል። ይሄ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጀው።

ሁሉም ሞተር እንዲህ አይደለም። አንዳንዶቹ ቫልቭና ፒስተን በፍጹም እንዳይገናኙ ሆነው ተሠርተዋል። የድሮ ኮሮላዎች ላይ ያለው 4ኤ-ኤፍኢ እና የመጀመሪያዎቹ ራቭ-ፎሮች ላይ ያለው 3ኤስ-ኤፍኢ የዚህ ዓይነት ናቸው። ቤልቱ ሲበጠስ መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል፣ ይጎተታል፣ አዲስ ቤልት ይገባለታል፣ ይነሳል። "ቤልቴ ተበጥሶ ምንም አልሆንኩም" የሚል ሰው ከገጠማችሁ እንደዚህ ዓይነት ሞተር ደርሶት ነው፤ የእሱ ታሪክ ለእናንተ ሞተር ዋስትና አይሆንም። በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዕድል እርሱት። የናፍጣ ሞተር አየሩን በጣም ጨምቆ ስለሚያቀጣጥል ፒስተኑ ቴስታውን ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ ለተከፈተ ቫልቭ የሚሆን ክፍተት የለም።

አምና ጎተራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ለራሴ ጉዳይ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አነስተኛ መኪናውን አስጎትቶ መጣ። መኪናዋን የገዛችለት ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህቱ ናት፤ የስድስት ዓመት ደሞዟ ነው እዚያች መኪና ላይ ያለው። እሱ በአፕሊኬሽን ታክሲ ይሠራባታል፣ ለእናታቸው የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ የቀረውን ለእህቱ ያጠራቅማል። ቀለበት መንገድ ላይ ሲሄድ ሞተሩ ጥፍት አለ። ሦስት አራት ጎረምሶች ደግ ሆነው ገፉለት፤ ማርሽ አስገብቶ ለቀቀ፣ አልተነሳም። እንደገና ገፉ። እንደገና። ቁልፍ ሲያዞር ደግሞ ሞተሩ ከወትሮው በጣም ፈጥኖ፣ ያለ ምንም ጫና ነው የሚዞረው።

"ጋሼ፣ ቺንጋው ከሆነ ዛሬውኑ ቀይረንለት አይነሳም?" አለ ልጁ።

ሜካኒኩ ጨርቅ ላይ እጁን እየጠረገ "ልጄ፣ ቺንጋው እኮ ትንሹ ነገር ነው" አለው። ከዚያ ያንን ሁሉ መግፋት ሲነግረው አንገቱን ነቀነቀ። "ባትገፉት ይሻል ነበር።"

ቴስታው ሲወርድ ስምንት ቫልቭ ታጥፏል። ሻጩ ሲሸጥለት "ቤልቱ በቅርብ ነው የተቀየረው" ብሎት ነበር፤ ከሽፋኑ ሥር የወጣው ቤልት ግን ጥርሱ የረገፈ፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ አሮጌ ነው። መኪናዋ ቫልቭ እስኪገኝ፣ ቴስታው ማሽን ቤት ደርሶ እስኪመለስ፣ ጓርኒሲዮኑ እስኪገዛ ከአንድ ወር በላይ ቆመች። የወጣውን ብር ልጁ ነግሮኛል፤ ዋጋ በየሳምንቱ የሚለዋወጥበት ከተማ ውስጥ ቁጥሩን ብጽፈው ነገ ስለሚያረጅ እተወዋለሁ። በዚያ ብር ግን ቤልቱን ከነሙሉ ዕቃው ብዙ ጊዜ ደጋግሞ መቀየር ይቻል ነበር። እኔን ያሳዘነኝ ከብሩ በላይ እህቱ ስትደውል ከጋራዡ ወጥቶ የሚያወራው ነው። "ደህና ነች፣ ሥራ ላይ ነኝ" ነበር የሚላት።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህቺን ያዙ፦ መኪናችሁ እየሄደ ድንገት ከጠፋና ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሩ ቀለል ብሎ፣ በፍጥነት፣ "ዊርርር" እያለ ከዞረ፣ እጃችሁን ከቁልፉ ላይ አንሱ። ደጋግማችሁ አታስነሱ፣ ማንም እንዲገፋላችሁ አትፍቀዱ። ገና ያልታጠፈ ቫልቭ ካለ የሚታጠፈው ያኔ ነው። ዳገት ቁልቁለት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ጉልበት የሚያገኘው ለጥቂት ርግጫ ብቻ ነው። እየደጋገሙ መርገጥ ያቺኑ ጉልበት ይጨርሳታል። አንዴ ረገጥ አድርጎ ይዞ፣ አራቱን መብራት አብርቶ ዳር መያዝ ነው። ዓባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወደ ታች ስትወርዱ ይሄ ቢገጥማችሁ ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት።

መኪናችሁ ቤልት ይኑረው ሰንሰለት እንዴት ታውቃላችሁ? በመኪናው ስም ሳይሆን በሞተሩ ኮድ ነው። ቶዮታ ላይ የሞተር ቁጥሩ የሚጀምረው በኮዱ ስለሆነ ሊብሬያችሁ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ኮፈኑ ሥር ያለው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይም አለ። ቪትዝና ያሪስ ላይ የምናያቸው 1ኤስዜድ፣ 2ኤንዜድ፣ 1ኤንዜድ ሰንሰለት ናቸው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት ኮሮላዎች ላይ ያለው 1ዜድዜድም ሰንሰለት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ኮሮላዎች፣ 2ኢ፣ 4ኤ፣ 5ኤ ያላቸው፣ ቤልት ናቸው። በናፍጣ ከሚሄዱት ሃይሉክስና ሃይስ 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል፣ ከእነሱም በኋላ የመጡት 1ኬዲና 2ኬዲ ቤልት አላቸው፤ አዲሶቹ 1ጂዲና 2ጂዲ ግን ወደ ሰንሰለት ተመልሰዋል። በየክልሉ መንገድ የምታዩት ጠንካራው ላንድክሩዘር፣ 1ኤችዜድ ሞተር ያለው፣ እሱም ቤልት ነው። "ላንድክሩዘር ነው፣ ምን ይሆናል" የሚሉ ብዙ ሰዎች ይሄን አያውቁም። የሌላ ፋብሪካ መኪና ከሆነ ኮዱን ስልካችሁ ላይ ጻፉና ፈልጉ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ብቻ ሊብሬው ላይ ያለውን ከሞተሩ ላይ ከተመታው ጋር አመሳክሩ። ሞተር የተቀየረለት መኪና ከተማው ውስጥ ሞልቷል።

ሰንሰለት ያላቸው "ተገላገልን" እንዳይሉ ደግሞ፦ ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ ሰንሰለትም ይረዝማል። ልዩነቱ ሰንሰለት ይናገራል፤ ጠዋት ሲነሳ ኳ ኳ ኳ ይላል። (በጣሊያንኛ ሰንሰለት ካቴና ነው። እኛ ጋ ካቴና ሲባል እጅ ላይ የሚገባው መሆኑ ሁሌ ያስቀኛል።)

እንግዲህ መቼ ይቀየር? አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር መካከል ይሰጣሉ፤ አንዳንድ ሞተሮች ከዚያም በላይ አላቸው። ትክክለኛው የእናንተ ሞተር መመሪያ ላይ ያለው ነው። ጎን ለጎን ደግሞ ብዙዎቹ የዓመት ገደብ ያስቀምጣሉ፣ ከአምስት እስከ አስር ዓመት። ጎማ ነዋ! መኪናው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቢቆምም ቤልቱ ያረጃል። በቀን 25 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዳ ሰው 100,000 ለመሙላት 11 ዓመት ያስፈልገዋል፤ ለእሱ የሚቀድመው ዓመቱ ነው። በቀን 150 ኪሎ ሜትር በወር 26 ቀን የሚሠራ ባለታክሲ ግን ያንኑ 100,000 ከሁለት ዓመት ትንሽ አልፎ ይጨርሰዋል። የእሱ ሞተር የተሰጠው ገደብ 60,000 ከሆነማ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ነው።

እኔ ግን ከኪሎ ሜትሩ በላይ የሚያሳስበኝ የአዲስ አበባ መንገድ ነው። ቤልቱ የሚቆጥረው መንገድ አይደለም፣ መዞርን ነው። በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 100,000 ለመሙላት ሞተሩ 2,000 ሰዓት ይሠራል። እዚህ ከመገናኛ ቦሌ፣ ከሜክሲኮ ሳር ቤት እየተንፏቀቀ በአማካይ በሰዓት 20 የሚሄደው መኪና ያንኑ 100,000 ለመሙላት 5,000 ሰዓት ያስፈልገዋል። ቆጣሪው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው ያለው፤ ቤልቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሠርቷል፣ ያውም ነፋስ በማያገኝ ሙቀት ውስጥ። ለዚህም ነው አንዳንድ አምራቾች ለታክሲና ቆሞ ለረጅም ሰዓት ለሚሠራ መኪና አጠር ያለ ገደብ የሚሰጡት። ከተማ ውስጥ ለእንጀራ የሚነዳ ሰው ከተጻፈው ቁጥር ቀደም ማለት አለበት ባይ ነኝ። ታሪኩን የማታውቁት መኪና ከገዛችሁ ደግሞ ቆጣሪውን እርሱት፤ ቁጥሩ ወደ ኋላ ሲመለስ እኮ ማንም አያየውም። ቤልቱ ዛሬ ሁለት መቶ ሺህ እንደሄደ ቆጥራችሁ ቀይሩት። ይሄን ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ደምራችሁ ነው መደራደር ያለባችሁ።

ዳሽቦርድ ላይ መብራት ያላቸውም አሉ። የቶዮታ ናፍጣዎች ብዙዎቹ "ቲ-ቤልት" የሚል መብራት አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ 100,000 ላይ ይበራል። ግን መብራቱ ቤልቱን አያየውም፣ ኪሎ ሜትር ነው የሚቆጥረው። ማጥፋቱ ደግሞ የደቂቃዎች ሥራ ነው። መብራቱ ጠፍቷል ማለት ቤልቱ ተቀይሯል ማለት አይደለም፤ አንድ ሰው መብራቱን አጥፍቷል ማለት ብቻ ነው።

"ሽፋኑን ከፍተን እናየዋለን፣ ደህና ከሆነ ይቀጥል" የሚል ሜካኒክ ብዙ ነው። ማየቱ አይከፋም። የላይኛው ሽፋን በብዙ መኪና ላይ በጥቂት ብሎን ይከፈታል፤ የስልክ መብራት አብርታችሁ ስንጥቅ፣ የተበላ ጠርዝ፣ ዘይት የነካው ቦታ ካያችሁ ነገሩ አለቀ። ነገር ግን የዛሬዎቹ ቤልቶች ጎማቸው የተሻሻለ ነው፤ ሊበጠሱ ሲቃረቡም አዲስ ሊመስሉ ይችላሉ፣ ውስጣቸው ያለው የፋይበር ግላስ ክር ደግሞ ከውጭ አይታይም። ማየት ቤልቱን ለመክሰስ ይጠቅማል እንጂ ነፃ ለማውጣት አይበቃም።

ስትቀይሩ ቤልቱን ብቻ አትቀይሩ። ወጣሪው፣ ማለትም ቴንሽነሩ፣ እና ቤልቱ የሚንከባለልባቸው ኩሽኔታዎች አብረው ያረጃሉ፤ አዲስ ቤልት አሮጌ ኩሽኔታ ላይ ማድረግ አዲስ ጫማ ቀዳዳ ካልሲ ላይ ከማድረግ ይብሳል፣ ምክንያቱም ኩሽኔታው ከነቀለ ቤልቱንም ይዞት ይሄዳል። የውሃ ፓምፑ በዚሁ ቤልት የሚዞር ከሆነ እሱንም። በነጋታው ውሃ ቢያፈስ ያንኑ ሁሉ እንደገና መፍታት ነው። የክራንኩና የካሙ ኦይል ሲል የሚያልብ ከሆነም እዚያው ይቀየር፤ ዘይት ለዚህ ጎማ መርዙ ነው። የዘመኑ አንዳንድ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ቤልቱ ራሱ ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ የእነሱ ጎማ ለዚያ የተሠራ ነው፣ ያም ሆኖ ትክክለኛውን የዘይት ዓይነት ካላገኙ ይላጣሉ።

ዕቃውን ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ራሳችሁ የምትገዙ ከሆነ ሁለት ነገር አስተውሉ። ታጥፎ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ የከረመ ታይሚንግ ቤልት አትግዙ። ያ የፋይበር ግላስ ክር አጥብቆ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ከላይ ሲታይ ግን ምንም የለበትም። ፀሐይ ሲመታው የከረመም እንደዚያው። ሁለተኛ፣ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጥርሱን ቁጠሩ፣ ወርዱንም ለኩ። "ይሄም ይሆናል" የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። ኦርጂናል ካርቶን ውስጥ ሌላ ቤልት እንደሚገባ ሻጮቹ ራሳቸው ያወሩታል፤ ስለዚህ ከምታምኑት ሱቅ፣ በደረሰኝ።

ሲገጠም ብትችሉ አጠገቡ ቁሙ። ጥሩ ሜካኒክ ምልክቶቹን ካገጣጠመ በኋላ ቁልፍ አያዞርም፤ መጀመሪያ ክራንኩን በእጁ፣ በመፍቻ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ያዞረውና ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን ያያል። ይሄን ሳያደርግ በቀጥታ የሚያስነሳውን አስቁሙት። ቤልቱ አንድ ጥርስ ከዘለለ መኪናው ሊነሳ ይችላል፣ ግን ጉልበት ያጣል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ እናንተም "ኢንጀክተር ነው፣ ካንዴላ ነው" እየተባላችሁ ወር ሙሉ ትንከራተታላችሁ።

ይሄ ጉዳይ ዘንድሮ ከድሮው ይበልጥ ይመለከተናል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ኤሌክትሪክ መኪና ካም ሻፍትም ስለሌለው ታይሚንግ ቤልት አያውቅም፤ የገዙት ተገላግለዋል። የቀረነው ግን መንገድ ላይ ባሉት ቤንዚንና ናፍጣዎች ነው ለብዙ ዓመት የምንኖረው። አንዱ የሸጠው ሌላው እየገዛ፣ መኪናው እየዞረ፣ "ቤልቱ መቼ ተቀየረ" የሚለው መረጃ በየሽያጩ እየጠፋ።

መረጃው እንዳይጠፋ ማድረግ ከባድ አይደለም። ስልካችሁ ለቲክቶክ ብቻ አይደለም የተገዛው፤ ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት አዲሱ ቤልት ቦታው ላይ እንዳለ ፎቶ አንሱ፣ የቆጣሪውን ቁጥርም እንደዚሁ፣ የካርቶኑን መለያ ቁጥርም። አሮጌውን ቤልት "ስጠኝ" በሉና ይዛችሁ ሂዱ፤ ማንም ጋራዥ ይሄ ሲባል መከፋት የለበትም። ከዚያ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የተቀየሩትን ዕቃዎች ዝርዝር በእስክሪብቶ ጽፋችሁ በፕላስተር ኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ሙቀት የማይበዛበት ጥግ፣ ለጥፉት። ፎቶዎቹንም ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩ፤ ስልክ ይሰረቃል።